የሚወደድ እንጂ የማይወድ አምላክ፦ የስፒኖዛ ሕይወትና አሳብ ሲመዘን

መግቢያ

በ17ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ከተነሡት የምክንያታዊነት ፈላስፎች መካከል ሬኔ ዴካርት ሁሉን ከተጠራጠረ በኋላ የእግዚአብሔርን ህልውና በአመክንዮ ለማጽናት ሞከረ። ላይብኒትስ ክፋት በሞላበት ዓለም የእግዚአብሔርን ጽድቅ ለመከላከል ጻፈ። ባሩክ ስፒኖዛም ብዙ የጻፈው ስለ እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ሥራዎቹን አንብቦ የሚጨርስ አማኝ ጸሎት የሚሰማ አምላክ በውስጣቸው አያገኝም። ስለዚህ አንዳንዶች «ከሓዲ» ብለው ሲያወግዙት፣ ሌሎች ደግሞ በእግዚአብሔር ፍቅር የሰከረ ሰው ብለው አመስግነውታል።

የእኛ አገልጋዮች ስሙን ባያውቁትም አሳቡን በየዕለቱ ይገናኙታል። «መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ማንኛውም ጥንታዊ መጽሐፍ ይነበብ»፣ «ተአምር የሚባለው ምክንያቱ ያልታወቀ የተፈጥሮ ክስተት ነው»፣ «ሃይማኖት ሰውን ጥሩ ካደረገ እውነት መሆኑ አያሳስብም» የሚሉ ወጣቶች በኮሌጅ ኅብረቶቻችንም ሆነ በጉባኤዎቻችን አሉ። እነዚህን ሦስት አሳቦች አጋጥሞ በአንድ መጽሐፍ ካቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ስፒኖዛ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። ስፒኖዛ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለመተርጐም ያቀረበው ዘዴ በአብዛኛው ጠቃሚ ነው፤ ከወንጌል ያራቀው መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት ስለ እግዚአብሔር ማንነት የያዘው ውሳኔ ነው። ሁለቱን ለይቶ የማያይ አገልጋይ ወይ መልካሙን ዘዴ ከፍልስፍናው ጋር አብሮ ይጥላል፣ ወይ ፍልስፍናውን ከዘዴው ጋር ሳያውቀው ይቀበላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወገዘው ወጣት

ስፒኖዛ በኅዳር 1632 በአምስተርዳም ተወለደ። ቤተሰቡ ከፖርቱጋል የመጡ አይሁድ ነበሩ። በዚያ ምድር ብዙ አይሁድ በግድ ተጠምቀው፣ በኋላም «በስውር አይሁዳዊ ናችሁ» እየተባሉ በኢንኩዊዚሽን ፍርድ ቤት ተሠቃይተዋል። ሆላንድ የተሻለ ነፃነት ሰጠቻቸው። እንግዲህ ስፒኖዛ ያደገበት ማኅበረ ሰብ ስለ ክርስትና የነበረው ትዝታ የአሳዳጆች ትዝታ ነበር። የሃይማኖትን ነገር ሲያስብ ሰላምና ነፃነትን ይህን ያህል ያስቀደመው ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይገባል።

በልጅነቱ ዕብራይስጥና ኦሪትን ተማረ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ፣ አባቱ በ1654 ሞቱ። ከወንድሙ ጋር የአባቱን ንግድ እየመራ ሳለ ሐምሌ 27 ቀን 1656 የአምስተርዳም ምኩራብ መሪዎች አወገዙት። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር፤ ያሳተመው አንድም መጽሐፍ አልነበረም። የውግዘቱ ሰነድ መሪዎቹ በልዩ ልዩ መንገድ ሊመልሱት እንደ ሞከሩ ይናገራል። ማንም በቃልም ሆነ በጽሑፍ እንዳያነጋግረው፣ በአራት ክንድ ርቀት ውስጥ እንዳይቀርበው፣ የጻፈውንም እንዳያነብ ያዛል። ምን ጥያቄ እንዳቀረበና ምን መልስ እንደ ተሰጠው ግን አልመዘገበም።

ከዚያ በኋላ ስፒኖዛ ወደ ምኩራብ አልተመለሰም፤ ክርስቲያንም አልሆነ። ከቅርብ ወዳጆቹ ብዙዎቹ ግን ክርስቲያኖች ነበሩ። አንዳንዶቹ ያለ ሹመኛ አገልጋይ ተሰብስበው ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚወያዩ «ኮሌጂያንት» የተባሉ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ሜኖናይቶች ናቸው፤ የአገራችን መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የምትቆጠርበት ወገን ማለት ነው። የመነጽርና የአጉሊ መሣሪያ መስተዋት እየሞረደ በራይንስበርግ፣ በፎርበርግ፣ በመጨረሻም በሄግ ኖረ። በ1673 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህርነት ሲቀርብለት፣ የተደነገገውን ሃይማኖት ላለማወክ ሲባል ነፃነቱ የት ድረስ እንደሚገደብ አላውቅም ብሎ እንቢ አለ። የካቲት 21 ቀን 1677 በሳንባ ሕመም ሲሞት የ44 ዓመት ሰው ነበር።

ስለ ኑሮው ብዙ የምናውቀው በሄግ የሉተራን መጋቢ ከነበረው ከዮሐንስ ኮሌሩስ ነው። ኮሌሩስ የስፒኖዛን ትምህርት አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ሆኖም ሰውዬው የኖረበትን ቤት ሰዎች ጠይቆ፣ ልከኛና ገር የሆነ አኗኗሩን ሳያጣምም ጻፈ። የተቃዋሚን አሳብ እያወገዙ ስለ ሕይወቱ እውነቱን መናገር እንደሚቻል የሚያሳይ መልካም ምሳሌ ነው።

ኮሌሩስ ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ ለእኛ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የቤቱ እመቤት በያዘችው ሃይማኖት ልትድን ትችል እንደ ሆነ ስፒኖዛን ጠየቀችው። እርሱም ሃይማኖትሽ መልካም ነው፤ በሰላምና በመንፈሳዊነት እስከ ኖርሽ ድረስ ሌላ መፈለግ አያስፈልግሽም የሚል መልስ ሰጣት። መልሱ ደግነት አለው። ነገር ግን ሴቲቱ የጠየቀችው ስለ መዳን ነው፤ እርሱ የመለሰላት ስለ መልካም ኑሮ ነው። የታላቁ መጽሐፉ ትምህርት በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ስፒኖዛ ትክክል የሆነባቸው ነገሮች

«የሥነ መለኮትና የፖለቲካ ድርሳን» የተባለው መጽሐፍ በ1670 ያለ ደራሲ ስምና በሐሰተኛ የኅትመት ቦታ ወጣ። በ1674 በሆላንድ መንግሥት ታገደ። ከመልሳችን በፊት መጽሐፉ በትክክል ያየውን መቀበል ይገባናል።

አንደኛ፣ በመቅድሙ የክርስቲያኖችን ግብዝነት ይገልጣል። ፍቅርን፣ ደስታን፣ ሰላምንና ራስን መግዛትን እናምናለን የሚሉ ሰዎች ይህን ያህል በመራራ ጥላቻ መጣላታቸው፣ የአንድን ሰው እምነትም ከበጎነቱ ይልቅ በጠቡ መለየት መቻሉ እንደሚያስደንቀው ይናገራል። አገልግሎት የክብርና የጥቅም መንገድ በሆነ ጊዜ መድረኩ በትዕቢተኞች ይሞላል ይላል። ይህን ለመመለስ ፍልስፍና አያስፈልገንም፤ ንስሐ ያስፈልገናል። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱ የሚታወቁት እርስ በርሳቸው በሚኖራቸው ፍቅር እንደ ሆነ አስተምሯልና (ዮሐ. 13፥35)።

ሁለተኛ፣ በሰባተኛው ምዕራፍ የአተረጓጐም ሥርዓት ያቀርባል። ተርጓሚው የመጽሐፉን ቋንቋ ጠባይ ይወቅ፤ አንድ መጽሐፍ ስለ አንድ ርእስ የሚናገረውን በአንድ ላይ ሰብስቦ ያነጻጽር፤ ጸሐፊው ማን እንደ ነበር፣ ለማን፣ መቼና በምን ምክንያት እንደ ጻፈ ይመርምር፤ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደ ተላለፈም ይጠይቅ። የመጽሐፉን ትርጕም ከመጽሐፉ እንጂ ከራሳችን አሳብ አናውጣ። በሴሚናሪዎቻችን የሥነ አፈታት ክፍል የሚቀመጥ ተማሪ ከእነዚህ ነጥቦች ብዙዎቹን ያውቃቸዋል። መጽሐፍ በመጽሐፍ ይተርጐም የሚለው መርሕም ከስፒኖዛ በፊት የተሐድሶ አባቶች ያስተማሩት ነው። አንድን ጥቅስ ከዐውዱ ነጥቆ የዓመቱ «የትንቢት ቃል» ለሚያደርግ ሰባኪ የስፒኖዛ ተግሣጽ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ «ሥነ ምግባር» በተባለው ሥራው በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ አንድ ምሳሌ ያነሣል። ከጣሪያ ድንጋይ ወድቆ ሰው ገደለ እንበል። ነፋሱ ነፈሰ፣ ሰውዬውም ወደ ወዳጁ ቤት ሲሄድ በዚያ አለፈ ብንል፣ ሌላው «ነፋሱ ለምን በዚያች ሰዓት ነፈሰ? ሰውዬውስ ለምን በዚያች ሰዓት ተጠራ?» እያለ ይቀጥላል፤ በመጨረሻም «የእግዚአብሔር ፈቃድ» በሚለው ቃል ውስጥ ይሸሸጋል። ስፒኖዛ ይህን የአላዋቂነት መጠለያ ይለዋል። በልቅሶ ቤት ቆመን የምንለው ሲጠፋን ይህን ቃል ስንት ጊዜ መሸሸጊያ አድርገነዋል! የኢዮብ ወዳጆችም የማያውቁትን የእግዚአብሔር አሳብ እንደሚያውቁ ሆነው በመናገራቸው ተገሥጸዋል (ኢዮ. 42፥7)።

ውሳኔው ከንባቡ በፊት

እስከዚህ ድረስ ከስፒኖዛ ጋር ብዙ መንገድ አብረን ሄድን። የምንለያይበት ቦታ የት ነው?

ስፒኖዛ «ሥነ ምግባር» የተባለውን ሥራ የጀመረው ከ«ድርሳኑ» በፊት ነው። በ1665 ገደማ እርሱን አቆይቶ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት መጻፍ ጀመረ፤ «ሥነ ምግባር» የታተመውም ከሞተ በኋላ በ1677 ነው። እንግዲህ የአምላክ ትምህርቱ መሠረት አስቀድሞ ተጥሎ ነበር። መጽሐፉ እንደ ጂኦሜትሪ ከፍቺዎችና ከመነሻ እውነቶች ተነሥቶ አንዱን ዐረፍተ ነገር ከሌላው እያስከተለ ይሄዳል። ለመኖር ሌላ ምንም የማያስፈልገው አንድ ህላዌ ብቻ አለ፤ እርሱም እግዚአብሔር ነው። ሰው፣ ዛፍ፣ ከዋክብት ሁሉ የዚህ አንድ ህላዌ መገለጫዎች ናቸው። «እግዚአብሔር» ማለትና «ተፈጥሮ» ማለት አንድ ይሆናል። ሁሉም ነገር ከእርሱ ባሕርይ በግድ ይመነጫል፤ እርሱ አይመርጥም፣ አያቅድም፣ አይቆጣም፣ አይራራም።

ይህ አቀራረብ ትልቅ ኀይል አለው፤ ፍቺዎቹን የተቀበለ ሰው ከመደምደሚያው ለማምለጥ ይቸገራልና። ድካሙም በዚያው ስፍራ ነው። እግዚአብሔር ዓለምን በነፃ ፈቃዱ የፈጠረና ከፍጥረቱ የተለየ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ፍቺ ይወድቃል፤ በእርሱ ላይ የቆመውም አብሮ ይወድቃል። ክርክሩ ያለው በር ላይ ነው።

አሁን ወደ «ድርሳኑ» ስድስተኛ ምዕራፍ እንመለስ። የተፈጥሮ ሕግ የእግዚአብሔር ባሕርይ ስለ ሆነ ተአምር እግዚአብሔር ራሱን ተቃረነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከቶ ሊሆን አይችልም ይላል። ጨምሮም፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር በማያጠራጥር ሁኔታ የሚጋጭ ነገር ከተገኘ፣ ያ ነገር በርኩሳን እጆች የተጨመረ ነው ብሎ ይደመድማል። ልብ እንበል፦ በሚቀጥለው ምዕራፍ «ትርጕሙን ከመጽሐፉ ብቻ አውጡ» የሚለው ይኸው ሰው ነው። ስለ ተአምር ሲመረምር ስለ ትንቢት ከተጠቀመበት የተለየ መንገድ እንደ ተከተለና ከአመክንዮ እንደ ተነሣ ራሱ በግልጽ ይናገራል። ሐቀኝነቱ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን ምስክሩ ሳይሰማ ፍርዱ እንደ ተሰጠም ያሳያል። ምንም የእጅ ጽሑፍ ማስረጃ ሳይኖር «ይህ በኋላ የተጨመረ ነው» ማለት ከዘዴው የሚወጣ ግኝት አይደለም።

የኢያሱን ታሪክ እንውሰድ (ኢያ. 10፥11–14)። ስፒኖዛ፣ ኢያሱ ወታደር እንጂ የከዋክብት ተመራማሪ አልነበረም ይላል። ብርሃኑ የዘገየበትን እውነተኛ ምክንያት ኢያሱ አያውቅም፤ ምናልባት በአየር ላይ የነበረው ብዙ በረዶ ብርሃኑን አጥፎት ይሆናል ሲል ይገምታል። ስለ ሰማይ አካላት መጽሐፉ የሚናገርበትን ቋንቋ በተመለከተ ወንጌላውያን ምሁራንም በልዩ ልዩ መንገድ ይተረጕማሉ፤ በዚያ ላይ መወያየት ይቻላል። ነገር ግን የስፒኖዛን ሥርዓት በራሱ በስፒኖዛ ላይ ብናውለው፣ ክፍሉ ትኩረቱን የሚያሳርፈው የት ነው ብለን መጠየቅ አለብን። ጸሐፊው በቁጥር 14 ያቺን ቀን ልዩ ያደረጋት እግዚአብሔር የሰውን ቃል መስማቱ እንደ ሆነ ይናገራል። ስፒኖዛ ስለ በረዶውና ስለ ብርሃኑ ያብራራል፤ ስለ መስማቱ ዝም ይላል። በእርሱ ትምህርት ሊሰማ የሚችል የለምና።

ከዚህ የሚከብደው የትንሣኤ ነገር ነው። የለንደን የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ በ1675 እና በ1676 በተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ ጠየቀው። ስፒኖዛ የክርስቶስን መከራ፣ ሞትና መቀበር እንደ ተጻፈ፣ ትንሣኤውን ግን በምሳሌያዊ ትርጕም እንደሚቀበል መለሰ። ወንጌላውያን ራሳቸው ሥጋዊ ትንሣኤን ያምኑ እንደ ነበር ግን ሊክድ አልቻለም፤ ተሳስተው ሊሆን ይችላል፣ ይህም የወንጌልን ትምህርት አይጎዳም አለ። እንግዲህ የጸሐፊዎቹን አሳብ በራሱ ዘዴ በትክክል አግኝቶታል። ያልተቀበለው ያገኘውን ነው። ጳውሎስ ግን ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከትም እምነትም ከንቱ እንደ ሆነ ይናገራል፤ የዐይን ምስክሮችንም ይቈጥራል (1ቆሮ. 15፥3–17)። ትንሣኤ ሲወጣ የወንጌል ትምህርት ሳይጎዳ ይቀራል የሚለው አሳብ ከሐዋርያው ቃል ጋር አብሮ ሊቆም አይችልም።

የማይመለስ ፍቅር

የስፒኖዛ ትምህርት ከፍታውም ጉድለቱም የሚታየው በ«ሥነ ምግባር» አምስተኛ ክፍል ነው። የሰው ከፍተኛ ደስታ እግዚአብሔርን በማወቅ የሚገኝ ፍቅር ነው ይላል። ይሁን እንጂ እግዚአብሔርን የሚወድ ሰው እግዚአብሔር መልሶ እንዲወደው ሊሻ አይገባም። እግዚአብሔር ስሜት የለውምና፣ እንዲወደኝ መፈለግ እግዚአብሔር እግዚአብሔር መሆኑን እንዲተው መፈለግ ይሆናል። ለፍርዳችን ሚዛናዊነት አንድ ነገር መጨመር ይገባል፦ በዚያው ክፍል እግዚአብሔር ራሱን በሚወድበት ፍቅር ሰዎችንም ይወዳል የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ነገር ግን ይህ አምላክ ራሱን በሰው አእምሮ በኩል ማወቁ ነው እንጂ አንዱ አካል ወደ ሌላው የሚዘረጋው ፍቅር አይደለም።

ይህን አሳብ ከመጣላችን በፊት ይገሥጸን። የብልጽግና ወንጌል በየመድረኩ እግዚአብሔርን የመኪና፣ የቪዛና የቤት ማግኛ ባደረገበት ዘመን፣ እግዚአብሔርን ስለ ራሱ ብቻ ውደዱ የሚል ፈላስፋ ሊያሳፍረን ይችላል። ሰይጣን ስለ ኢዮብ ያነሣው ጥያቄም ይኸው ነበር፦ በውኑ በከንቱ ነውን የሚፈራህ? (ኢዮ. 1፥9 ይመለከቷል።)

ጉድለቱ ግን ሥር የሰደደ ነው። ዮሐንስ እኛ የምንወደው እርሱ አስቀድሞ ስለ ወደደን እንደ ሆነ ያስተምራል (1ዮሐ. 4፥19)። በስፒኖዛ ዘንድ ፍቅር ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ የሚመጣ መልስ የለም። በወንጌል ፍቅር የሚጀምረው ከላይ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ጸጋ የሚባለው ነገር ይጠፋል፤ መዳን የተረጋጋ አእምሮና ብርቱ መረዳት ላላቸው ጥቂቶች ብቻ ይሆናል። ስፒኖዛም መንገዱ አስቸጋሪ፣ የሚያገኙትም ጥቂቶች መሆናቸውን ሳይሸሽግ ይናገራል። ለብዙኃኑ የተረፈው የታዛዥነት ሃይማኖት ነው፤ የቤቱ እመቤት የተሰጣት ማለት ነው።

ከጣሪያው ወደ ወደቀው ድንጋይም እንመለስ። የሟቹ እናት ዘንድ የሚሄድ የስፒኖዛ ደቀ መዝሙር፣ የሆነው ሁሉ በግድ እንደ ሆነ ተረጂና ትጽናኚያለሽ ከማለት በቀር የሚላት የለውም። መዝሙረ ዳዊት ግን «እስከ መቼ?» እያለ ይጮኻል። እንዲህ ያለ ጩኸት ትርጕም የሚኖረው ሰሚ ካለ ብቻ ነው። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር ፊት ስለ ሞቱ ምክንያት ሰፊ ማብራሪያ አልሰጠም፤ አለቀሰ፤ ከዚያም ጠራው (ዮሐ. 11፥35–43)። የአላዋቂነት መጠለያ ከሆነው ቃል የምንወጣው ወደ ስፒኖዛ ግዴታ አይደለም፤ ከሚያለቅሱት ጋር ወዳለቀሰው ወደ ክርስቶስ ነው።

ለአገልጋዮች

በስፒኖዛ ዘመን ከመለሱለት ክርስቲያኖች መካከል ቪለም ፋን ብላይንበርግ የተባለ የዶርድረኽት ከተማ የእህል ነጋዴ ነበር። በ1664 መጨረሻ መጻጻፍ ጀመሩ። ሁሉ ከእግዚአብሔር በግድ የሚወጣ ከሆነ የአዳም ኀጢአት ምንድን ነው? ጻድቁና ክፉው በምን ይለያሉ? እያለ ጠየቀ። አመክንዮው ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ሲጋጭበት ቃሉን እንደሚያስቀድም ስፒኖዛ በተረዳ ጊዜ፣ መጻጻፋችን አይጠቅመንም አለው፤ በ1665ም አቋረጠ። ብላይንበርግ ግን አልተወም። በ1674 «ድርሳኑን»፣ በ1682 ደግሞ «ሥነ ምግባርን» የሚመልሱ መጻሕፍት አሳተመ። መልሶቹ ሁሉ ብርቱ ነበሩ ማለት አይደለም። ነገር ግን የሚቃወመውን አንብቧል፣ ሰውዬውን ሄዶ አነጋግሯል፣ ጥያቄው የት እንዳለም አግኝቷል። ጥያቄው ያለው በእግዚአብሔር ማንነት ላይ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ለአገልግሎታችን እንወስዳለን። በመጀመሪያ፣ የቋንቋና የዐውድ ጥናትን ለተጠራጣሪዎች አንተውላቸው። ዕብራይስጥና ግሪክን ለተማሪዎቻችን ማስተማር እምነትን ማዳከም የሚመስላቸው ካሉ፣ ትንሣኤን በተመለከተ ስፒኖዛ ራሱ የጸሐፊዎቹን አሳብ ሊክድ እንዳልቻለ ያስታውሱ። በትክክል ማንበብ በእኛ ላይ አይመሰክርም።

ሁለተኛ፣ ማብራሪያ መጻሕፍትን ስናነብ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህ ጸሐፊ «ሊሆን አይችልም» የሚለው ከክፍሉ በመነሣት ነው ወይስ ወደ ክፍሉ ይዞት ከመጣው የአምላክ ትምህርት? ብዙ ጊዜ የታሪክ ምርመራ ውጤት ተብሎ የሚቀርበው ነገር ከምርመራው በፊት የተያዘ አቋም ነው። ይህ ጥያቄ በእኛም ላይ ይሠራል፤ ከክፍሉ ያልወጣውን አሳባችንን የምንጭንበት ጊዜ አለና።

ሦስተኛ፣ የሚጠይቁ ወጣቶቻችንን እንስማ። ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን የመጠበቅና ሐሰትን የመቃወም አደራ አላት፤ ተግሣጽም ስፍራ አለው። ነገር ግን የተጠየቀውን ያልመዘገበ ውግዘት ለሚቀጥለው ጠያቂ የሚተወው መልስ የለም። በ23 ዓመቱ የተወገዘው ሰው ጥያቄ ከ350 ዓመት በላይ አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። እኛ የምናመልከው አምላክ የሰውን ቃል የሚሰማ ነው ካልን፣ አገልጋዮቹም የሰውን ጥያቄ ለመስማት መታገሥ ይገባናል።